ጆሮ ያለው ፕላስተር

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ ቀድሟት ተነሣ። ሻይ አፈላ፤ የእሷን እጀታው በተሰበረው ትልቅ ኩባያ ቀድቶ ከምታርመው የፈተና ወረቀት ራቅ አድርጎ አስቀመጠላት፤ ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪ ወረቀት ላይ ደፍቶ ጉድ አፍልቶ ነበርና። ከዚያ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈተና ቀይዋን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ውጭ አንጠለጠላት። ጨርቋ ክንድ ተኩል ትሆናለች፤ ከሚስቱ አሮጌ ቀሚስ ጠርዝ የተቀደደች ናት። ትንሽ ተወዛወዘችና ተመልሳ ቁልቁል ወረደች።

«ተኝታለች» አለ።

«ገና ጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ እያት» አለች ቀና ሳትል።

«ዛሬ የልደቱ ግቢ መሬት ሲሚንቶ ነው። ካስማ አይገባበትም፤ መዝለያውን በአሸዋ ከረጢት ነው የማስረው።»

አሁን ቀና አለች። «እንግዲያውስ እስከ ግማሽ ከተነሣች ልጆቹን አስወርድ። አግድም እስክትሆን አትጠብቅ።»

«እሺ መምህር።»

«አትቀልድ።»

«ማን ቀለደ? ይልቅ አንዱ ካልሲዬ የት ገባ?»

ካልሲው አልተገኘም። አንድ ጥቁር አንድ ቡናማ አድርጎ፣ ጨርቋን እንደ መሐረብ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ። «ማን ያየኛል» አለ በሩ ላይ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የሆስፒታሉ ነርስ ጫማውን በፌስታል አድርጋ አስረከበቻት። ጥቁሩ ካልሲ አንዱ ጫማ ውስጥ፣ ቡናማው ሌላው ውስጥ ተጠቅልለው ነበር።

እሑድ ተቀበረ። ሰኞ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። እሷ ፊዚክስ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን መጡ። በልደትና በትምህርት ቤት በዓል ላይ መዝለያ የዘረጋላቸው ወላጆች መጡ። ልጆቹ «ጋሽ ዝላይ» ነበር የሚሉት፤ አንዷ ሕፃን ከእናቷ ጉልበት ላይ ሆና «ጋሽ ዝላይ የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቅ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ አቀረቀረ። ሚስቲቱ ግን አላቀረቀረችም። እጇን እጇ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ የሚመጣውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ትል ነበር።

«አላለቀሰችም እኮ» አለች ከኋላዋ አንዷ ጎረቤት፣ በሹክሹክታ።

«የተማረች ናት። ሆዷ ውስጥ ነው የምታለቅሰው።»

«ኧረ ተዪኝ፣ ዕንባ ደግሞ ዲግሪ ይጠይቃል እንዴ?»

ሰማቻቸው። አልዞረችም። በዚያ ሰዓት የምታዳምጠው ሌላ ድምፅ ነበር፤ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለውን የባሏን ታላቅ ወንድም።

መዝለያው የእሱ ነው። ቤተ መንግሥት የሚመስል፣ አራት ማማ ያለው፣ በአየር የሚነፋ ትልቅ የልጆች መጫወቻ። ገዝቶት ታናሽ ወንድሙን የቀጠረበት ያኔ ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ታናሽየው ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ወቅት ነው። ራሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «አቶ ፕላስተር» ይለዋል፤ ከኪሱ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተለይቶት አያውቅም። የመኪናውን መስታወት በፕላስተር፣ የመነጽሩን እግር በፕላስተር፣ የሚያፈስ የውኃ ቱቦ ቢሰጡትም በፕላስተር። በጠቀለለ ቁጥር ደግሞ መጨረሻዋን በጥፍሩ እጥፍ አድርጎ ትንሽ ጆሮ ያወጣላታል፤ ሌላ ጊዜ ለመንቀል እንድትመች። ታናሽየው በዚህ ሲስቅ አይጠግብም ነበር። «ወንድሜ ለፕላስተር ጆሮ ይሠራል፤ ለራሱ መሥራት ነው የረሳው» ይላል፤ ያውም ፊት ለፊቱ።

ሰኞ ዕለት አቶ ፕላስተር በሩ ላይ ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ቆሞ ነበር። ሰውዬው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የሰባት ዓመት ልጁ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከመዝለያው መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት።

«ምን ልበልህ ወንድሜ» ይል ነበር አቶ ፕላስተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነፋሱን ማየት የእሱ ሥራ ነበር። እኔ ተጠንቀቅ ብዬዋለሁ። ትንሽ ግትር ነገር ነበረ። የሞተ ሰው አይወቀስም እንጂ... ለመርማሪውም ያልኩት ይኸንኑ ነው።»

ሾፌሩ ወደ ሚስቲቱ ተመለከተ። ሊያጽናናት የመጣ ሰው ነበር። ሳይጨብጣት ወጣ።

ያኔ ነው ከቅዳሜ ጀምሮ በድን ሆኖ የሰነበተ አንድ ነገር ውስጧ ብድግ ያለው። መርማሪው ሐሙስ በሦስት ሰዓት የእሷን ቃል ሊቀበል ይመጣል። እስከዚያ ይህ ወሬ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ሰፈሩን ዞሮ፣ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ያድራል። የሞተው ባሏ፤ ያጠፋው ባሏ። ከእንግዲህ ያቺ ልጅ ባነከሰች ቁጥር የሚነሣው ስም የእሱ ይሆናል።

ግትር። ነፋስን በተመለከተ እንኳ እውነት ነው፤ ግትር ነበር። ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት።

ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። መዝለያው ሰው ሳይገባበት ነፋስ መጥቶ አንዱን ጎኑን አንሥቶ መልሶ ጣለው። «ከበደኝ ስል የነበረው እኮ እንደ ወረቀት ተነሣ» አለ። እሷ መልስ አልሰጠችውም፤ ግቢ ወስዳ የአልጋ አንሶላ በሁለት እጁ አስያዘችው።

«ምን ይሰማሃል?»

«ምንም። ሰው ያየኛል የሚል ሐፍረት።»

ነፋስ ሽው ሲል አንሶላው ተወጥሮ አንድ እርምጃ ገፋው። «አየህ? ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ አራት እጥፍ ነው። አንተ ጥቂት ጨመረ ትላለህ፤ እሱ ግን ብዙ ጨምሯል። ያንተ መዝለያ ደግሞ ግድግዳ ያለው ሸራ ነው፤ ውስጡ ልጆች አሉ።»

«ታዲያ ነፋሱን በምን ልየው?»

ቀሚሷን አምጥታ ጠርዙን ቀደደች።

ከዚያ ወዲህ ጨርቋ ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ታስራ ከማማዎቹ በላይ ትቆማለች። ለዚህ ምክንያት ነበረው። የሚነፋው ሞተር ለአፍታ ከቆመ መዝለያው ልጆቹ ላይ ስለሚተኛ ባሏ ከሞተሩ አይርቅም። ሞተሩ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከግድግዳ ጥግ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ነፋስ አይደርስም፤ ድምፅም አይሰማም። ከዚያ ጥግ ሆኖ የሚያየው ጨርቋን ብቻ ነው። ስትተኛ ልጆቹ ይዘላሉ፤ ስትነሣ ፊሽካ ይነፋል፤ ልጆቹ ይወርዳሉ፤ ሞተሩ ይጠፋል። ክርክር የለም።

ክርክሩ የመጣው ከወንድምየው ነው። ከወር በፊት በአንድ ትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ላይ ባሏ ሠላሳ ልጅ ግማሽ ቀን ላይ አስወርዶ መዝለያውን አጠፈ። ወንድምየው እዚሁ ሳሎን ድረስ መጥቶ ጮኸ።

«በአንዲት እራፊ ጨርቅ ሰው ፊት አዋረድከኝ! ወላጅ ሁሉ እሷን እያየ ‹ነፋስ አለ እንዴ፣ ልጄን ላውጣ እንዴ› ይለኛል። መጫወቻ ነው የገዛሁት ወይስ ማስፈራሪያ?»

«ጋሼ፣ ጨርቋ አታስፈራራም፤ ያለውን ነው የምትናገረው» አለ ባሏ።

«አንተና ይቺ መምህርት ሚስትህ!»

«መምህርት ሚስቴ ደግሞ እዚህ ናት ጋሼ፤ በቀጥታ ሊነግሯት ይችላሉ።»

ወንድማማቾቹ በመጨረሻ ተሳስቀው ተለያዩ። እሷም ረስታው ነበር።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት አቶ ፕላስተር አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ማልቀሱስ አልቅሷል። «መጋዘን ያለውን ዕቃ ልውሰድልሽ» አላት። «መዝለያውንም፣ ገመዱንም፣ ዘንጉንም። ባየሽው ቁጥር ከምትታመሚ። ዛሬውኑ መኪና አመጣለሁ።»

ቅዳሜ ማታ የቀን ሠራተኞች ዕቃውን ሁሉ እንደተለመደው ከቤቷ ኋላ ካለው መጋዘን ወርውረውት ሄደው ነበር። እሷ እስካሁን ልብ አላለችውም። መዝለያው፣ እሺ። ገመዱም ይሁን። ዘንጉን ምን ብሎ አሰበው?

«ይቆይ ጋሼ» አለች። «የሚቸኩል ነገር የለም።»

«አይ፣ ላንቺ ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ። ይቆይ።»

ሰው ለምሳ ሲበታተን መጋዘኑን ከፈተች። መዝለያው ተጨማዶ፣ አንዱ ማማ ተቀዶ፣ እንደ ወደቀ እንስሳ ተኝቷል። ከረጢቶቹ አጠገብ ስድስቱ ገመዶች አሉ፤ ስድስቱም የባሏ ቋጠሮ አልተፈታም። የፈታው ሰው የለም፤ የላላም የለም። ነፋሱ መዝለያውን ከነከረጢቶቹ ነው ያነሣው። ከሥር ዘንጉን ጎትታ አወጣችው።

ጨርቋ ጫፉ ላይ አለች። ግን አልተንጠለጠለችም። ታችኛው ጫፏ ተስቦ፣ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ፣ በጥቁር ፕላስተር ሦስት ዙር ተጠቅልሏል። የፕላስተሩ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጆሮ አለች።

ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻት። ከሩቅ ለሚያያት፣ በተለይ ከግድግዳ ጥግ ሆኖ በማማዎቹ አናት ላይ ለሚያያት፣ ይቺ ጨርቅ ቅዳሜ ዕለት ከተለጠፈችበት ሰዓት ጀምሮ ተኝታለች። ነፋስ በግቢው ውስጥ ወንበር ሲጥል ተኝታለች። ባሏ አንጋጦ አይቷታል፤ አምኗታልም። ያመነው ደግሞ እሷን ነው፤ የሚስቱን ቀሚስ፣ የሚስቱን ትምህርት።

የቀረውን የነገሯት ያዩ ሰዎች ናቸው። መዝለያው በአንድ ጎኑ ሲነሣ ከጥጉ ሮጦ ወጣ። አራቱን ልጆች በእጁ እየሳበ አወጣቸው። አምስተኛዋ ውስጥ ቀረች። ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመና አብሮ ተነሣ፤ ጣሪያ ሳይደርሱ ክብደቱ መዝለያውን መልሶ አወረደው። ልጅቷ ሸራው ላይ ወደቀች። እሱ ሲሚንቶው ላይ።

ስልኳን አውጥታ ፕላስተሩን በአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሣችው። ልትነቅለው የፕላስተሩን ጆሮ በጣቷ ያዘችና ተወቻት። እኔ አይደለሁም የምነቅለው፣ አለች በልቧ።

ዞር ስትል አማቷ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። አሮጊቷ ዘንጉን አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ፕላስተሩን አዩ። የልጃቸውን እጅ ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋቸውም።

«ማን አየ?» አሉ።

«እኔና እርስዎ።»

አሮጊቷ የበሩን እንጨት ያዙ። «ሁለት ነበሩኝ። አንዱን ቀበርኩት። ሌላውን ከነነፍሱ አታስቀብሪኝ፣ ልጄ። ስለ ጡቴ ብለሽ።»

«እኔ የነበረኝ አንድ ብቻ ነው እማማ» አለች። «እሱንም ሁለት ጊዜ እየቀበሩብኝ ነው።»

ከአማቷ ጋር በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አሁን ግን እኚያን ሴት አልፋ ስትሄድ ያዘነችላቸው ያህል አለመራራቷ ለራሷም ገረማት። ጎረቤቷን ጠርታ ወደ ሾፌሩ ላከቻት፦ «ነገ ከቀትር በኋላ ይምጣ በይው። የልጁ ጉዳይ ነው። ባይጨብጠኝም ይምጣ።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሣ። የድንኳኑ ሸራ ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ ይጮኻል፤ የሻይ ብርጭቆ የያዙ ሴቶች በሌላ እጃቸው ነጠላቸውን ያዙ። አንድ አዛውንት «ድንኳኑም ሊሄድብን ነው» ብለው ሊያስቁ ሞከሩና ምን እንደተናገሩ ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሾፌሩ መጥቶ ዳር ላይ ተቀመጠ። አቶ ፕላስተር በሩ ላይ ነበር። ሚስቲቱ ከቤት ወጣች፤ ዘንጉን እንደ ምርኩዝ ይዛ ድንኳኑ መሐል፣ ነፋሱ ከሁለቱ በሮች ገብቶ የሚገናኝበት ላይ ቆመች።

«ጋሼ» አለች። «ይቺን ይንቀሉልኝ።»

አቶ ፕላስተር ዘንጉን ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወረደ። «ምንድን ነው እሱ? ሰው ፊት... በኋላ፣ ውስጥ እናወራለን።»

«የሚወራ ነገር የለም። ፕላስተር ነው፤ ይንቀሉልኝ። ቀላል ነው፣ ጆሮ አላት።»

አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ስታስቀምጥ ተሰማ። ሰፈሩ ያቺን ጆሮ ያውቃታል፤ ከግማሹ ቤት ገመድና ቱቦ ላይ አለች። አንገቶች ተመዘዙ።

«አሞሻል» አላት። «ኀዘን ነው። ያዟት፣ አስገቧት...» እያለ ዙሪያውን አየ። የሚነሣ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ዓይኑን ወደ እናቱ ወረወረ። አሮጊቷ ከቤቱ ደፍ ላይ ቆመው ነበር።

«እማዬ፣ ንገሪያት።»

ነፋሱ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፈው፤ አልያዙትም።

«ንቀለው» አሉ።

ጣቶቹ ጆሮዋን ለማግኘት አልተቸገሩም። ፕላስተሩ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር ተላቀቀ። ጨርቋ ከእጁ አመለጠችና ተነሣች፤ እስከ ግማሽ አይደለም፣ አግድም ቀጥ ብላ፣ ጫፏ እንደ ጅራፍ እየጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንጋጦ አያት። ቅዳሜ ዕለት ባሏ ማየት የነበረበትን ነገር አዩ።

«ሰዉ እየጠየቀ መቆሚያ አሳጣኝ» አለ አቶ ፕላስተር። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ነበር። «አንዱ መጥቶ ላውጣ ወይ ይላል፣ ሌላው መጥቶ... እሱ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ሲያይ ዘንጉን ዝቅ አድርጌ ለጠፍኳት፤ ኬኩ እስኪቆረስ ብቻ ብዬ ነው። ከዚያ ልፈታት ነበር። ረሳኋት።»

ሾፌሩ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«እኔም ጠይቄሃለሁ። ‹ጋሼ፣ ነፋሱ አልበዛም ወይ› ስልህ ምን አልከኝ?»

አቶ ፕላስተር ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አዞረ።

«ጣትህን ቀስረህ ‹ጨርቋን እያት፣ የት ተነቃነቀች› አልከኝ። እኔም አየኋትና ልጄን ተውኳት።» ወደ ሚስቲቱ ዞረ። በሁለት እጁ እጇን ያዘ። እሷም ተወችለት።

አቶ ፕላስተር አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «ወንድሜ ነው» አለ። «ወንድሜን ነው እኮ።»

«ነገ በሦስት ሰዓት መርማሪው እዚህ ይመጣል» አለች። «አሁን ያልከውን ትነግረዋለህ። አንድ ቃል ብታጎድል እዚህ አርባ ሰው ሰምቶሃል፤ እኔም ፎቶ አለኝ።»

ሰውየውን አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

«እነግረዋለሁ። ሁሉንም እነግረዋለሁ። ይቅር በይኝ ብቻ።»

የተነቀለው ፕላስተር ጣቶቹ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወሰደችው። ጎንበስ ብላ ኮቱ ላይ፣ ልክ ከደረት ኪሱ በላይ፣ በአውራ ጣቷ ተጭና ለጠፈችው፤ ጆሮዋን ወደ ውጭ አድርጋ።

«ይቅርታ አላደርግልህም» አለች፤ አልጮኸችም። «ይህንን ይዘህ ሂድ። ያንተ ነው።»

ተነሥቶ ወጣ። ሊነቅለው አልደፈረም፤ ሊነቅልለት የተነሣም አልነበረም። እናቱ እንኳ በዓይናቸው እስከ ግቢው በር ብቻ ነው የሸኙት።

ሰው ቀደም ብሎ ተበተነ። አሮጊቷ ጓዳ ገብተው ተኙ። ሚስቲቱ ዘንጉን ግድግዳ አስደግፋ ጨርቋን ፈታች፤ ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ አሁንም ያጣብቃል። ወጥ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያልታረመው የፈተና ወረቀት ከቅዳሜ ጀምሮ እንዳለ ነው፤ እጀታው የተሰበረው ኩባያም ከወረቀቱ ራቅ ብሎ በተቀመጠበት ነው፤ ሥሩ ላይ ሻዩ ደርቋል።

መስኮቱን ከፈተች። ጨርቋን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ውጭ አንጠለጠለቻት። ነፋሱ ወዲያው ተቀበላት።

«ተነሥታለች» አለች ጮክ ብላ። «ልጆቹን አስወርድ።»

እጇ እስኪዝል እንደያዘቻት ቆየች።

«እሺ መምህር» የሚላት የለም።